የእናቴን መርሳት ማሽን ያየዋል ወይ?

ጥያቄ

«እናቴ 72 ዓመቷ ነው። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ግፊትና ስኳር አለባት። መድኃኒቷን በየቀኑ ትወስዳለች፤ አስፕሪንም አለበት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ትንሽ ትንሽ መርሳት ጀምራ ነበር። የነገርኳትን መልሳ ትጠይቀኛለች፣ ቁልፍ ያስቀመጠችበት ይጠፋታል። ዕድሜ ነው ብለን ተውነው። አሁን አሁን ግን ባሰባት። የእድር ገንዘብ በአንድ ወር ሁለቴ ከፍላ ጸሐፊው ቤት ድረስ መጥቶ መለሰልን። ባለፈው እሑድ ስኒ ደርድራ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ባዶ ጀበና እሳት ላይ ጥዳ ስትጠብቅ ደረስኩባት። ቀን ተኝታ የማታውቅ ሴት አሁን ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ይጥላታል። ከሁለት ወር በፊት መታጠቢያ ቤት አንሸራቷት ወድቃ ጭንቅላቷን መቷት ነበር፤ ትንሽ አብጦ በማግስቱ ደህና ሆነች።

ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ‹ወደዚህ አምጪያትና በፔት ስካን አልዛይመር መሆኑ ይታይ፣ አዲስ መድኃኒት ወጥቷል› ይላል። ጎረቤት ጠበል ውሰጃት ይላል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ኤምአርአይ አስነሺያትና ተገላገይ ይላል። ለመሆኑ ማሽን መርሳትን ያያል? የቱን ላስነሳት? ውጤቱ መጥፎ ከሆነስ ለእሷ ይነገራታል?»

ልጇ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። በመጀመሪያ ስለ መውደቃቸው ልጻፍልሽ። አንቺ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ለእኔ የደብዳቤሽ ዋናው ነገር ነው። ይህን ክፍል ዓምዱ እስኪወጣ ሳልጠብቅ ለብቻ በኢሜይል ልኬልሻለሁ። እዚህ የደገምኩት እንዲህ ያለ እናትና አባት ያላቸው ሌሎች አንባቢዎችም እንዲያዩት ብዬ ነው።

እስኪ ነገሩን አንድ ላይ አድርገን እንየው። 72 ዓመታቸው ነው። በየቀኑ አስፕሪን ይወስዳሉ። ከሁለት ወር በፊት ወድቀው ጭንቅላታቸውን መቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ መርሳቱ ባሰ፣ የቀን እንቅልፍም መጣ። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ሲገጣጠም ሐኪም አስቀድሞ የሚጠረጥረው አልዛይመርን አይደለም። በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ቀስ እያለ የተጠራቀመ ደም እንዳይኖር ነው የሚሰጋው።

ዕድሜ ሲገፋ የአንጎል መጠን በጥቂቱ ይቀንሳል። በአንጎሉና በራስ ቅሉ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። በዚያ ክፍተት የሚሻገሩት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጠራሉ። ወጣት ሰው አሸት አሸት አድርጎ የሚረሳው ምት ከእነዚህ አንዱን ሊበጥስ ይችላል። ደሙ በኃይል አይፈስም፤ ያንጠባጥባል። በማግስቱ ደህና የሆኑ የሚመስሉት ለዚህ ነው። ሳምንታት አልፈው ደሙ ሲበዛ አንጎሉን ይጫነዋል። ያኔ ራስ ምታት፣ ግራ መጋባት፣ መርሳት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ አንድ እግር መጎተት ይመጣል። አንድ ቀን ደህና ውለው በማግስቱ ሊብስባቸውም ይችላል። አስፕሪንና ሌሎች ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች አደጋውን ከፍ ያደርጉታል። እስከዚያ ድረስ ቤተሰቡም ታማሚውም መውደቁን ረስቶታል። ሁሉም «እርጅና ነው» ይላል።

ይህን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። በራጅ ጨረር ጭንቅላትን በስሱ በስሱ ከፋፍሎ ያሳያል። እናትሽ ተጋድመው የሚቆዩት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ለዚህ ጉዳይ በደም ሥር የሚሰጥ ቀለምም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን አደራ። ምርመራውን የሚያዘው ሐኪም ወረቀቱ ላይ «መርሳት» ብቻ ብሎ እንዳይልካችሁ። «ከሁለት ወር በፊት ወድቀው ጭንቅላታቸውን መቷቸዋል፣ አስፕሪን ይወስዳሉ» ተብሎ ይጻፍ። ትኩስ ደም በሲቲ ላይ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ለማንም ግልጽ ነው። ሳምንታት ሲያልፉ ግን እየደበዘዘ ሄዶ የአንጎሉን ግራጫ ይመስላል፤ ከዚያም እየጠቆረ ይሄዳል። በዚያ መሀል ባለው ጊዜ፣ በተለይ በግራም በቀኝም እኩል ከሆነ፣ ፎቶውን የሚያነበው ሐኪም ዓይን ሊያመልጥ ይችላል። የወደቁበትን ጊዜ ካወቀ ግን ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ለማሽኑ ጥያቄውን ይዘሽለት የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ከሰው ሁሉ ቀርበሽ እናትሽን የምታውቂያቸው አንቺ ስለሆንሽ።

ደም ከተገኘ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ራስ ቅሉን በትንሹ በስቶ ያወጣዋል። ጥቂት ከሆነ እየተከታተሉ መጠበቅም አለ። ደሙ ሲወጣላቸው ወደ ቀድሞው ራሳቸው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ላይገኝም ይችላል። ካልተገኘ አንድ ትልቅ ስጋት ወረደልሽ ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ቀጠሮ ምናምን ሳትዪ ነገ ውሰጃቸው። ማስታወክ፣ የሚጨምር ራስ ምታት፣ የአንድ ጎን መዛል፣ ሲቀሰቅሷቸው አልነቃ ማለት ወይም መንቀጥቀጥ ካየሽ ግን ነገንም አትጠብቂ። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ግቡ። አስፕሪኑን በራስሽ አታቋርጪ፤ ይቀጥል አይቀጥል የሚለውን የዚያኑ ቀን ሐኪሙን ጠይቂ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ማሽን መርሳትን ያያል ወይ?

አያይም። መርሳት ፎቶ አይነሳም። ማሽን የሚያየው መርሳትን ሊያመጡ የሚችሉ ነገሮችን ወይም በሽታው አንጎል ላይ የተወውን ምልክት ነው። አንጎላቸው በፎቶ ላይ ቀንሶ የሚታይ፣ ግን ዳዊት በቃላቸው የሚደግሙ አዛውንት አሉ። ፎቶአቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ነገር ሳይታይ ከሠፈራቸው ወጥተው መመለሻው የሚጠፋባቸውም አሉ። አንድ ሰው የመርሳት በሽታ አለበት የሚባለው የዕለት ተዕለት ኑሮውን በሚያውቀው ቤተሰቡ ቃልና በሐኪም ፍተሻ ነው። ፎቶው የሚያግዘው «ለምን?» ለሚለው ነው።

ሲቲው ንጹሕ ከሆነ ቀጥሎ ኤምአርአይ ቢነሱ ደስ ይለኛል። ኤምአርአይ የሚሠራው በማግኔት ነው፤ ጨረር የለውም። ከሲቲ የበለጠ ዝርዝር ያሳያል። ዕጢ ካለ ይታያል። በአንጎል ውስጥ ያለው ፈሳሽ ተጠራቅሞ ክፍሎቹን ለጥጧቸው እንደሆነም ይታያል። ይህን ሁለተኛውን በ1965 አካባቢ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀው ሳሎሞን ሃኪም የሚባል ኮሎምቢያዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ እግር ከመሬት አልላቀቅ የሚል አረማመድ፣ ሽንት ማምለጥና መርሳት። ፈሳሹ በቀጭን ቱቦ ወደ ሆድ ዕቃ እንዲወርድ ሲደረግ የሚሻላቸው ሰዎች ስላሉ፣ እናትሽ አረማመዳቸው ተቀይሮ እንደሆነ ልብ ብለሽ እዪ።

ከዚያ የደም ሥሮቹ ጉዳይ ይመጣል። ግፊትና ስኳር ለዓመታት የቆየበት ሰው አንጎሉ ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይጎዳሉ። ሰውየው ሳያውቀው ያለፉ ጥቃቅን ስትሮኮችም ይኖራሉ። በኤምአርአይ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። ጥቂቱ በማንኛውም አዛውንት ላይ ያለ ነው። ብዙ ሆኖ ሲጋጠም ግን ነገር ማሰላሰልን ያዘገያል፣ ሐሳብ ያስጠፋል፣ እርምጃ ይሰብራል። የእናትሽን ታሪክ ሳየው ይኼኛው ድርሻ የሚኖረው ይመስለኛል። የጠፋውን ማስመለስ አይቻልም፤ የሚመጣውን ግን ግፊቱን በደንብ በመቆጣጠር መቀነስ ይቻላል። መድኃኒቱ ደግሞ እዚያው ሠፈራችሁ ፋርማሲ ያለው ነው።

ሦስተኛው ሂፖካምፐስ ነው። በጆሮ ትክክል ወደ ውስጥ ጠልቆ፣ በግራም በቀኝም አለ። የዛሬን ጉዳይ ለነገ የሚያኖርልን ክፍል ነው። አልዛይመር ቀድሞ ከሚያጠቃቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው። ሰውየው የ40 ዓመት ታሪክ እያወራ ቁርስ የበላውን የሚረሳው ለዚህ ነው። ሂፖካምፐሱና ዙሪያው ምን ያህል እንደቀነሰ ሐኪሞች ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጡታል። አሰጣጡን በ1992 ያወጣው ፊሊፕ ሼልተንስ የሚባል የኔዘርላንድስ የነርቭ ሐኪም ነው። ነጥቡ ከዕድሜ ጋር ነው የሚታየው። ከ75 ዓመት በታች ለሆነ ሰው 2 ያጠራጥራል፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ግን ያው 2 የዕድሜ ሊሆን ይችላል። እናትሽ ገና 72 ስለሆኑ ይህን መስመር ሐኪሙን ጠይቂው።

ስለ ሪፖርቱ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ቤተሰብ ሪፖርቱን እዚያው በር ላይ ይከፍትና በስልኩ ጎግል ማድረግ ይጀምራል። «ከዕድሜ ጋር የሚሄድ አትሮፊ» የሚለውን ሲያይ ሰማይ የተደፋበት ይመስለዋል። አትሮፊ የአንጎል መጠን ቀነሰ ማለት ነው። ከ70 ዓመት በላይ ያለ ሰው ሪፖርት ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ ብቻውን የመርሳት በሽታ አለ ማለት አይደለም። በተቃራኒው «ምንም የተለየ ነገር የለም» የሚል ሪፖርት አይተሽም እፎይ እንዳትዪ። አልዛይመር ሲጀምር ኤምአርአይ ላይ ላይታይ ይችላል። ሲዲውን ተቀበዪ፣ ወረቀቱን ያዢ፣ ትርጉሙን የነርቭ ሐኪሙ ይንገርሽ። ከዓመት በኋላ ድጋሚ ቢነሱ የዛሬው ሲዲ ለማወዳደሪያ ያስፈልጋል።

ወደ ፔት ስካኑ ልምጣ። ወንድምሽ የሚያወራው እውነት አለው፤ ግማሹን ግን አልነገረሽም።

ለመርሳት የሚነሳው ፔት በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጨረር በሚሰጥ ስኳር መሰል ነገር የትኛው የአንጎል ክፍል እየሠራ እንደሆነ ያሳያል። ኤምአርአይ የቤቱን ግድግዳ ካሳየ፣ ይኼኛው በየትኛው ክፍል መብራት እንደበራ ያሳያል። ሌላኛው አልዛይመር ባለበት አንጎል ውስጥ የሚከማቸውን አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን ይፈልጋል። ይህን ዝቃጭ ገና በ1906 አሎይስ አልዛይመር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም የአንዲት ታማሚውን አንጎል ከሞተች በኋላ በማይክሮስኮፕ አይቶ አሳውቋል። ከዚያ በኋላ ወደ 100 ዓመት ገደማ ሰው ከመሞቱ በፊት ዝቃጩን በፎቶ ማየት አይቻልም ነበር። በ2002 ስዊድን ውስጥ ኡፕሳላ ከተማ፣ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሠሩት ንጥረ ነገር በሕይወት ባለ ታማሚ ላይ ታየ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሐኪም ቤት የሚሆነውን የመጀመሪያውን ንጥረ ነገር የፈቀደው በ2012 ነው። ትልቅ ነገር ነው፤ አላሳንሰውም። ከ11 ሺህ በላይ አሜሪካውያን የተካተቱበትና በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከፔቱ በኋላ ከ10 ታማሚዎች በ6ቱ ገደማ ሐኪሞቹ የሕክምና ዕቅዳቸውን ቀይረዋል።

ታዲያ ያልተነገረሽ ግማሽ ይኼ ነው። አሚሎይድ ምንም በማይረሱ ጤነኛ ሰዎች አንጎል ውስጥም ይገኛል። በ2015 የብዙ አገር መረጃ ተሰብስቦ ሲታይ፣ አእምሯቸው ደህና ከሆነ ሰዎች መካከል በ50 ዓመታቸው 10 በመቶ፣ በ90 ዓመታቸው ደግሞ 44 በመቶ የሚሆኑት አሚሎይድ አላቸው። ስለዚህ «አሚሎይድ አለ» ቢባል የእናትሽ መርሳት ከእሱ መጣ ማለት አይደለም። የደም ሥሮቹም፣ የተጠራቀመው ደምም ሊሆን ይችላል። «የለም» የሚለው መልስ የበለጠ ግልጽ ነው፤ አልዛይመር የመሆኑን ነገር በጣም ያርቀዋል። በዚያ ላይ ንጥረ ነገሩ የሚቆይ አይደለም። ጨረሩ በየ110 ደቂቃው በግማሽ ስለሚቀንስ ከተመረተበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ በዚያው ቀን መወጋት አለበት። ፔት እንደ ሲቲ በየከተማው የማይገኘው ለዚህ ጭምር ነው።

አዲሶቹ መድኃኒቶች ሌካነማብና ዶናነማብ ይባላሉ። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው በ2023 ሙሉ ፈቃድ አገኘ፤ ሁለተኛው በ2024 ተፈቀደ። አሚሎይዱን ከአንጎል ያጸዳሉ። መርሳቱን ግን አይመልሱም። ሌካነማብ በተሞከረበት ጥናት በ18 ወር ውስጥ የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ አዘግይቷል። የሚሰጡት ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ላሉ ሰዎች ብቻ ነው። አንጎል ውስጥ እብጠትና መድማት ሊያመጡ ስለሚችሉ በየጊዜው ኤምአርአይ ይነሳል። ከአስፕሪን የበረታ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱና አንጎላቸው ውስጥ የመድማት ምልክት ያለባቸው ሰዎች ላይ ሐኪሞች በጣም ይጠነቀቃሉ፤ ብዙዎቹን አይቀበሉም። በቅርቡ ወድቀው የተመቱ፣ የደም ሥር ጉዳት የሚጠረጠርባቸው እናት በዚህ ወንፊት ማለፋቸውን እጠራጠራለሁ።

የገንዘቡም ነገር አለ። በጎብኚ ቪዛ የሄደ ሰው ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአዛውንቶች የጤና መድን) የለውም። የአሚሎይድ ፔት ዋጋ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። መንገዱም ቀላል አይደለም። የመርሳት ችግር ያለበት ሰው ከለመደው ቤት ሲወጣ ግራ መጋባቱ ይጨምራል፤ ሌሊት ተነስተው በሩን የት ነው የሚሉበት አገር ይሆንባቸዋል። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም መኖር አለመኖሩ ሳይታወቅ አውሮፕላን ላይ ማሳፈር ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ወንድምሽን አትቆጪው። ርቆ ያለ ልጅ ጭንቀቱን የሚወጣው በገንዘብና በትልልቅ ዕቅድ ነው። የሚከፍለውን ስጪው። የሲቲውን፣ የኤምአርአዩን፣ የደም ምርመራውን፣ የነርቭ ሐኪሙን ይክፈል። አንቺ ሥራ ስትሄጂ እናትሽ ጋር የምትውል ሰው ደሞዝ ቢሸፍን ደግሞ ከፔቱ ይልቅ እሱ ይጠቅማችኋል። እዚያ ካሉ ሐኪሞች ጋር መነጋገር ከፈለገም ሲዲውን ላኪለት። በግንቦት 2025 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሚሎይድን ለመጠርጠር የሚያግዝ የመጀመሪያው የደም ምርመራ አሜሪካ ውስጥ ስለተፈቀደ፣ ነገሩ ወደፊት ከፔት እየቀለለ እንደሚሄድ ተስፋ አለኝ።

ጠበሉን በተመለከተ፣ እናትሽ ከፈለጉ ውሰጃቸው። ሲቲው ይቅደም። እዚያ ሲሄዱ የግፊቱና የስኳሩ መድኃኒት አይቋረጥ።

ፎቶ ሊያያቸው የማይችሉ፣ ግን በጣም የተለመዱ መርሳት አምጪዎች አሉ። በርካሽ የደም ምርመራ ይታወቃሉ። ለስኳራቸው ሜትፎርሚን ለዓመታት ወስደው ከሆነ ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሳቸው ይችላል። ጾም አጥባቂ ከሆኑ ደግሞ ዕድሉ ይጨምራል፤ ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ይለካላቸው። የታይሮይድ፣ የኩላሊት፣ የጨው መጠንና የቂጥኝ ምርመራም አብሮ ይታይ፤ የኤችአይቪም እንዲሁ። ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ እየጾሙ ሲውጡት ስኳራቸው ወርዶ ግራ ሊጋቡ ይችላሉ። ከዚያ የመድኃኒት ከረጢታቸውን ሙሉውን ይዘሽ ለሐኪሙ አሳዪ። ለእንቅልፍ ተብሎ ከፋርማሲ የተገዛ አሚትሪፕቲሊን ወይም ዳያዜፓም፣ ለአለርጂ የሚወሰድ እንቅልፍ የሚያመጣ ክኒን፣ እነዚህ ሁሉ የአዛውንትን አእምሮ ያደበዝዛሉ። ድብርትም እንዲሁ መርሳትን ይመስላል። የሚሰሙት ነገር ቀንሶ እንደሆነም ይታይ። ያልተሰማ ነገር የተረሳ ይመስላል።

ሐኪሙ ዘንድ ከመሄድሽ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ጻፊ። መጀመሪያ የተለወጠው ምንድን ነው? ቀስ በቀስ ነው የመጣው ወይስ በድንገት? ደህና ሆነው ቆይተው ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ዝቅ ያሉበት ጊዜ አለ? ከመውደቃቸው በፊት የነበረውንና ከዚያ በኋላ የመጣውን ለይተሽ አስቀምጪ። የእድሩን ሁለት ክፍያ ጻፊ፣ የባዶውን ጀበና ጻፊ። «ትረሳለች» ከሚል ቃል ይልቅ እንዲህ ያለው ለሐኪም ብዙ ይነግረዋል። እናትሽ ትምህርት ቤት ያልገቡ ከሆነም ቀድመሽ ንገሪው። እስክሪብቶ ይዞ ሰዓት መሣል የሚጠይቁ ፈተናዎች ያልተማረን ሰው ያለ በሽታው ይጥሉታል። ለዚህ ሲባል አውስትራሊያ ውስጥ የወጣ ሩዳስ የሚባል የትምህርት ደረጃ ብዙም የማይጫነው መመዘኛ አለ፤ ይጠይቁበት።

የኤምአርአዩ ቀን ሲደርስ እናትሽን አዘጋጂያቸው። ግማሽ ሰዓት አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት አለባቸው። ማሽኑ በጣም ይጮኻል፤ የጆሮ መድፈኛ ይሰጧቸዋል። ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ይወልቃል፤ ቀለበት፣ የፀጉር ማስያዣ፣ የሚወልቅ ጥርስ። መስቀላቸውም ከብረት ከሆነ ይወልቃል። እዚህ ላይ ብዙ እናቶች በር ላይ ይጨነቃሉ። ማተቡ ራሱ ክር ስለሆነ አያስቸግርም። የብረት መስቀሉን ቤት ሳላችሁ ፍቺላቸው፣ ክሩ አንገታቸው ላይ ይቆይ። የልብ ምት ማስተካከያ ማሽን ወይም ሰውነታቸው ውስጥ የቀረ ብረት ካለ ሳይገቡ በፊት ተናገሪ። አንገታቸው ላይ ንቅሳት ካለም ለባለሙያው ጥቀሺለት። ለማረጋጋት ተብሎ የሚሰጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ለአዛውንት ጥሩ አይደለም። አንቺ አጠገባቸው ቆመሽ እግራቸውን መያዝ እንደምትችዪ ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ ብረትሽን አውልቀሽ ይፈቅዱልሻል። ጨርሶ አልሆን ካለ አይገደዱ። በሲቲው ብቻም ብዙ ነገር ይወሰናል።

ለእሳቸው ይነገራቸው ወይ ላልሽው፣ ይነገራቸው ባይ ነኝ። ግን ውጤቱ ሳይመጣ፣ ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ጠይቂያቸው። «እማዬ፣ የምትረሺበትን ምክንያት ልናይ ነው። ሐኪሙ የሚለውን አንቺም ልትሰሚ ትፈልጊያለሽ ወይስ ለእኔ ይንገረኝ?» በያቸው። አብዛኞቹ እናቶች መርሳታቸውን ከልጆቻቸው ቀድመው አውቀውታል። ሁለቴ የከፈሉት የእድር ገንዘብ ሲመለስ እሳቸውም አይተዋል። በሹክሹክታ ከበር ውጪ የሚወራው ይበልጥ ያስፈራቸዋል። መስማት አልፈልግም ካሉ ይከበርላቸው። ከፈለጉ ደግሞ ሐኪሙ ሲናገር አጠገባቸው ተቀመጪ። የመርሳት በሽታ ሆኖ ቢገኝ እንኳ አሁን ባሉበት ደረጃ ብዙ ነገር በራሳቸው መወሰን ይችላሉ፤ ማን ጋር መኖር እንደሚፈልጉ፣ የባንክ ደብተራቸው ላይ ማን አብሮ እንደሚገባ፣ ስለ ቤቱ ያሰቡትን። ኑዛዜም ሆነ ውክልና የሚያሰቡ ከሆነ ሳይረፍድ የሕግ ባለሙያ አማክሩ፤ ወንድምሽም በስልክ ይኑርበት።